እልኸኛ ልጅ ይዞ መዋል፦ ለጎጃም እናት የሚሆን መመሪያ

ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ያለ፣ አንዴ «እምቢ» ካለ የማይመለስ ወንድ ልጅ ካለሽ ይህ ላንቺ ነው። ደብረ ማርቆስ ከተማ በኪራይ ቤት ብትኖሪም፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ ገጠር ብትሆኚም ቀኑ ያው ነው፦ ጠዋት በጫማ ጭቅጭቅ፣ ቀትር ላይ ከጎረቤት ልጅ ጋር ግብግብ፣ ማታ «አልተኛም»። እኛ አገር ደግሞ እንዲህ ያለው ልጅ ስም ለማግኘት አይቸገርም። የበላይ ዘለቀን ስም አውርሰው «አባ ኮስትር» ይሉታል። ሰውዬው እምቢ ያለው ጣሊያንን ነው፤ ያንቺው እምቢ የሚለው እግር መታጠብን ነው።

ከሁሉ በፊት አቋሜን ልንገርሽ። የልጁን እልህ ልስበር ብለሽ አትነሺ። ቢሰበርልሽ እንኳ የሚተርፍሽ ልጅ የሚያስደስትሽ አይሆንም። ያንቺ ሥራ ትእዛዝሽን ማሳነስ፣ ያስቀረሻትን ትእዛዝ ደግሞ አለመልቀቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህ እንዴት እንደሚደረግ ነው።

1. መቼ እንደሚነሳበት እወቂ

ለአንድ ሳምንት ምንም አትቀይሪ፤ እዪ ብቻ። በተናደደ ቁጥር ሰዓቱን፣ የመጨረሻ የበላው መቼ እንደሆነና ቀድሞ ምን ተብሎ እንደነበር ስልክሽ ላይ ወይም ወረቀት ላይ አስፍሪ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ይወጣል፦ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ርቦታል፣ ማታ ደክሞታል፣ ጠዋት ተጣድፋችኋል። እነዚህ ደግሞ በምክርም በቁጣም አይድኑም።

ረሃቡን ቅደሚው። ከደጅ ሲገባ «ዩኒፎርምህን አውልቅ፣ ደብተርህ የታለ፣ እጅህን ታጠብ» ከማለትሽ በፊት እጁን አስታጥበሽ አንድ ቅቅል ድንች ወይም ቁራሽ ዳቦ ስጪው። ቆሎም ይሆናል፤ ከአራት ዓመት በታች ከሆነ ግን ቆሎና ለውዝ ስለሚያንቅ አትስጪው። ሆዱ ሲሞላ የምታነጋግሪው ሌላ ልጅ ነው።

እንቅልፍ ላይ ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀን እንቅልፉ ተጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ከ6 ዓመት ጀምሮ ከ9 እስከ 12 ሰዓት። ለትምህርት ቤት ጠዋት 12፡30 የሚነሳ ልጅ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከተኛ አሥር ሰዓት ተኩል ያገኛል። አባቱ ከሥራ አምሽቶ ገብቶ «ልጄን ሳላየውማ» ብሎ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ የሚቀጥለውን ጠዋት ጫማ የማስደረጉን ሥራ ለአባትየው ስጪው። ከዚያ በኋላ አይቀሰቅሰውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠርተሽው የማይመጣ ልጅ ሁልጊዜ እምቢተኛ ላይሆን ይችላል። ጆሮው መግል ያዘዋል? ቴሌቪዥን ሲያይ ይጠጋል፣ ድምፅ ከፍ ያደርጋል? ሆዱን እያመመው ሊሆን ይችላል? ጤና ጣቢያ ወስደሽ ጆሮውንና የሆድ ትላትሉን አሳዪለት። ይህ ሳይታይ ስለ ጠባዩ ማውራት ከንቱ ነው።

2. ሕጉን ወደ ሦስት አውርጂ

አንድ ቀን ከራስሽ አፍ የሚወጣውን አዳምጪ። «አትንካ፣ አትውጣ፣ ተቀመጥ፣ ተነስ፣ ዝም በል፣ ለምን ዝም ትላለህ?» ይህን ሁሉ እሱም ሊጠብቀው አይችልም፣ አንቺም ልታስጠብቂው አትችዪም። የማታስጠብቂው ትእዛዝ ደግሞ ልጁን አንድ ነገር ያስተምረዋል፤ እማየ ስትናገር ነገሩ እንደማይከተል።

እኔ ሦስት ብቻ እንድትይዢ እመክራለሁ። አንደኛው ሕይወት የሚያሳጣ ነገር ነው፦ የከሰል ምድጃ፣ የፈላ ጀበና፣ ክዳን የሌለው የውኃ ጉድጓድ፣ ባጃጅ የሚከንፍበት መንገድ። ሁለተኛው ሰው መምታት፣ ታናሽ እህቱን ጨምሮ። ሦስተኛው ሰው መስደብ፣ በተለይ ትልቅ ሰው።

የቀረውን ልቀቂለት። ሹራቡን ገልብጦ ለብሶ ቢወጣ ጎረቤት ይስቃል እንጂ አይሞትም። እንጀራውን ወጥ ሳይነካ ደረቁን ቢበላ ነገ ይበላዋል። ፀጉሩን አልበጠርም ካለ ለቤተ ክርስቲያን ቀን አቆዪው።

በሦስቱም ቢሆን አንደበትሽ ብቻውን ይጠብቀዋል ብለሽ አትመኚ፤ ዕቃውን አንሺ። ረከቦቱን ከግድግዳ ጥግ አድርጊና አንቺ በውጭ በኩል ተቀመጪ። ላምባና በረኪና በውኃ ሃይላንድ ውስጥ ማስቀመጥ በየቤቱ ያለ ልማድ ነው፤ ዛሬውኑ ተዪው። ልጅ ከጠጣው ደግሞ እንዲያስታውክ አታድርጊ፣ ወተት እያጠጣሁ ልጠብቅም አትበዪ፤ የጠጣውን ዕቃ ይዘሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጪ።

3. አነጋገርሽን ቀይሪ

ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው።

ከማድ ቤት ሆነሽ አትጣሪ። ሂጂ፣ ከፊቱ ቁጭ በዪ፣ ስሙን ጥሪ፣ ዓይንሽን እስኪያይ ጠብቂ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ንገሪው። «አትሩጥ» ከምትዪው «እጄን ያዝ» በዪው፤ የመጀመሪያው ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። ተናግረሽ ስታበቂ በሆድሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። አብዛኞቻችን ሁለት ሳይሞላ ነው የምንደግመው፤ ልጁ ገና እያሰበ እያለ።

ምርጫ የሌለውን ነገር በጥያቄ አታቅርቢ። «ትምህርት ቤት እንሂድ?» ካልሽው «አልሄድም» ማለት መብቱ ነው፤ ጠይቀሽዋላ! ምርጫ ልትሰጪው ከፈለግሽ ሁለቱንም የምትቀበዪውን ስጪው።

ለምሳሌ መስከረም ላይ፣ ትምህርት ተከፍቶ ዝናቡ ገና ሳይወጣ፣ ደጁ ጭቃ ነው። ልጁ ሰንደል ይዞ ቆሟል።

«እማየ፣ ሰንደሉን ነው የማደርገው።»

«ጭቃ ላይ ቦቲ ነው የሚደረገው። ራስህ ታደርገዋለህ ወይስ እኔ ላድርግልህ?»

«ሰንደል ነው ያልኩሽ!»

«ራስህ ወይስ እኔ?»

እዚህ ላይ ምላስሽን ያዢ። «ትናንት አልወደቅህም? ማን ነው የሚያጥብልህ? ያቺ የጎረቤት ልጅ እንኳ…» ማለት ያምርሻል። አትበዪው። በጨመርሽው ቃል ቁጥር የሚከራከርበት ነገር ታቀብዪዋለሽ። ሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ድምፅ ድገሚና ካልመለሰ ቦቲውን አንቺ አድርጊለት። ያለቅሳል። ከዚያ ሰንደሉን በፌስታል አድርገሽ ስጪው፤ ክፍል ሲገባ ይቀይራል። እሱም ያለውን አገኘ፣ አንቺም ያልሽው ሆነልሽ። አንዳንዱ ሰው ይህን ሽንፈት ይለዋል። የኔ ሐሳብ ሌላ ነው፦ ሕጉ ጭቃ ላይ ቦቲ ነው፣ ክፍል ውስጥ ስላለው ጫማ ማንም አላወራም።

ጊዜ ስትሰጪውም በሚያየው ነገር ስጪው። «አምስት ደቂቃ» ለአራት ዓመት ልጅ ምኑም አይደለም። «አቦሉ እስኪወርድ ተጫወት፣ ከዚያ ትገባለህ» ብትዪው ግን ጀበናውን እያየ ራሱ ይጠብቃል። ቶና ላይ «ትንሽ ብቻ» ሲልሽ ግን እሺ ካልሽ በነጋታው በረካም ያልቅብሻል።

እሺ ብሎ ሲያደርግ ደግሞ ዝም ብለሽ አትለፊ። «ጎበዝ» የሚባለው በዝቶ ትርጉም አጥቷል፤ ያደረገውን ጥቀሺለት፦ «በአንድ ጥሪ መጣህ፣ እደግ ተመንደግ»። ምርቃት ልጅ ይወዳል። ከአያቱ አፍ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ይውላል።

4. ሲፈነዳ

ገበያ መሀል፣ ሸንኮራ አገዳ የሚሸጥበት ጋ፣ መሬት ላይ ተዘርግቷል። አንድ እጅሽ ላይ ዘንቢል፣ ጀርባሽ ላይ ሕፃን አለ።

በቅድሚያ ከሚጎዳው ነገር አርቂው፤ ከመንገዱ፣ ከአህያው እግር፣ ከድንጋዩ። ዘንቢልሽን አስቀምጪና አጠገቡ ቁሚ ወይም ቁጭ በዪ። አታስረጂው። በዚያ ሰዓት አይሰማሽም፤ ራስን የሚገታው የአእምሮ ክፍል በልጅ ላይ ገና አልጎለመሰም፣ ሙሉ ለሙሉ የሚበስለውም ሰው ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ አንዴ «እዚህ ነኝ፣ ሲበርድልህ እንሄዳለን» በዪና ዝም።

ሰው ይሰበሰባል። አንዲት እናት ቀርበው «ልጄ፣ ግዥለትና ይረፍ፣ ለምን ታስለቅሺዋለሽ» ይላሉ። ደግነታቸው እውነት ነው፣ መልሱ ግን «እሺ እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ይጨርሳል» ነው። ከገዛሽለት የተማረው መሬት ላይ መተኛት ሸንኮራ እንደሚያስገኝ ነው። በሚቀጥለው ገበያ ከመግባታችሁ በፊት ይተኛልሻል።

ሲበርድለት ውኃ አጠጪው፣ እቀፊው፣ ተነሱና ሂዱ። ስብከቱን መንገድ ላይ አትጀምሪ፤ ያለቀ ነገር ነው። ማታ ሲተኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ሸንኮራ አምሮህ ነበር። ሳታለቅስ ንገረኝ፣ ገንዘብ ካለኝ እገዛልሃለሁ።» ሳያለቅስ በጠየቀበት ቀን ደግሞ በእርግጥ ግዥለት። ይህችን ብዙ እናቶች ይረሷታል።

አንዳንድ ልጅ ሲያለቅስ ትንፋሹ ይቆምና ፊቱ ይጠቁራል። ያስደነግጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በራሱ ይመለሳል። በጎኑ አስተኚው፣ አታንቀጥቅጪው፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቢ፣ በኋላም ሐኪም አሳዪው። የደም ማነስ ሊኖርበት ይችላልና።

5. ስለ ቅጣት

አርጩሜ፣ ቁንጥጫ፣ ኩርኩም፣ ሳማ፣ በርበሬ ማጠን። ሁላችንም የምናውቃቸው ናቸው። በርበሬ ማጠን ቅጣት ሳይሆን ጉዳት ነው፤ የልጅ መተንፈሻ ትቦ ጠባብ ስለሆነ ሊዘጋበት ይችላል። የቀሩት ደግሞ በእልኸኛ ልጅ ላይ አይሠሩም። ሌላው ልጅ ተመትቶ ይፈራ ይሆናል፤ ይሄኛው ግን እያየሽ «አላመመኝም» ይልሻል። ያን ጊዜ ወይ ጨምረሽ ትመቺያለሽ ወይ ተሸንፈሽ ትተዪዋለሽ፤ በሁለቱም መንገድ ጠፋሽ። ሰው መምታት ክልክል ነው ያልሽውን ሕግም ራስሽ አፈረስሽው።

ትምህርት ቤት ውስጥ ከሆነ ነገሩ በሕግም ተነግሯል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። መምህሩ ጋ ሄደሽ ስታነጋግሪ ለክስ ሳይሆን ለምክር ሂጂ፦ «ይሄ ልጅ በቁጣ ይብስበታል፣ ሥራ ሲሰጡት ግን ይታዘዛል፤ ጥቁር ሰሌዳ ያጥፋልዎት።» ፊደል ሊቆጥር የኔታ ጋ ከሆነ የሚሄደው፣ ትዕግሥተኛውን የኔታ ፈልጊለት፤ ጎጃም የቅኔ አገር ናት፣ የኔታ አይጠፋም።

ታዲያ ሳይቀጣ ይደግ ወይ? አይደለም። ቅጣቱ ከጥፋቱ ይውጣ። ሽሮውን ገፍቶ ከደፋ ጨርቅ ስጪውና ይጥረግ፤ በደንብ ባይጠርገውም ይጥረግ። እህቱን በዱላ ከመታ ዱላው ዛሬ አይመለስለትም። ወዲያው ይሁን፣ አጭር ይሁን፣ ማታ ያልቃል። «ለገና ልብስ አልገዛልህም» ብሎ በጥቅምት መዛት ዋጋ የለውም፤ ትገዢለታለሽ፣ እሱም ያውቃል።

«ጅብ ይበላሃል» እና «ሐኪሟ መርፌ ትወጋሃለች» የሚባሉትን ደግሞ ጨርሶ ተዪ። የመጀመሪያው ሌሊት ሽንት ቤት መሄድ ያስፈራዋል፤ ሁለተኛው ሲታመም ጤና ጣቢያ በር ላይ ያስቸግርሻል።

6. ጉልበቱን የሚያወጣበት ስጪው

የዓለም ጤና ድርጅት ለ3 እና 4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ስልክና ቴሌቪዥን ደግሞ ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ። ገጠር ያለሽ እናት ስለ መጀመሪያው አታስቢ፣ ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ከዚያ በላይ ይሮጣል። ከተማ ውስጥ ግቢ ተዘግቶበት የሚውለው ነው የሚቸገረው። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት በእግር አድርሺው። ከሰዓት ኳስ፣ ጎማ መንዳት፣ አኩኩሉ።

ሥራም ስጪው፣ የእውነት ሥራ። በትንሽ ጀሪካን ውኃ ያምጣ፣ ለዶሮዎቹ ጥሬ ይበትን፣ ምስር ይልቀም። እልኸኛ ልጅ «ይህ የሱ ነው፣ ማንም አይነካውም» የተባለ ነገር ሲኖረው ይለወጣል። አንዲት ዶሮ በስሙ ብታደርጊለት እንቁላሏን ሊጠብቅ ከእንቅልፉ በራሱ ይነሳል።

ነሐሴ ላይ ለቡሄ ጅራፍ ማጮህ ይመጣል። አትከልክዪው፤ እምቢ ብትዪው ከጎረቤት ልጅ ተበድሮ ከዓይንሽ ርቆ ያጮሃል። ሜዳውን አሳዪው፣ ሲያጮህ ከጀርባውም ከፊቱም ሰው እንዳይኖር አስተምሪው፣ ከታናናሾቹ ያርቀው። ይህን ከጣሰ ጅራፉ እስከ ነሐሴ 13 ቆጥ ላይ ይቆያል።

ዝናብ ቤት ሲያስውለው እንቆቅልሽ ተጫወቱ። ለእልኸኛ ልጅ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ አላውቅም፤ መሸነፍን ያስተምራልና። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልሽ?» «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ አድሮ የማይደክመው?» «ዓባይ!» መልሱ ወንዝ ነው ብትዪው ይከራከርሻል። ተቀበዪው፤ ዓባይስ ወንዝ አይደል? ሌላውን ሳያውቀው ሲቀር ደግሞ «አገር ስጠኝ» በዪው። መጀመሪያ «አልሰጥም!» ብሎ ይነሳል። ጠብቂ። «ሞጣን ስጠኝና እንቀጥል።» ያንገራግራል፣ «ሞጣን አይሆንም፣ ደጀንን» ይላል፣ ይደራደራል፣ በመጨረሻ ይሰጣል። አገር አስረክቦ ጨዋታው ላይ መቆየት ለሱ ቀላል ነገር አይደለም። ሲሰጥሽ አመስግኚው፣ ቀጥሎ ደግሞ አንቺ ተሸንፈሽ ባሕር ዳርን ስጪው።

7. የቤቱን ሰው አንድ አድርጊ

አንቺ የከለከልሽውን አያት ከሰጠች ልፋትሽ ውኃ በላው። ግን አማትሽን በልጁ ፊት አትናገሪ። ቡና ሲጠጣ፣ ልጁ በሌለበት፣ ክብራቸውን ጠብቀሽ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ «እማማ፣ እህቱን ሲመታ እርስዎም እንደኔ ይቆጡልኝ፤ ለሌላው እንደ ልብዎ ያቀማጥሉት።» ሁሉንም ከጠየቅሽ አንዱንም አታገኚም። አባትየው ላይም እንዲሁ ነው። «አባትህ ይምጣ ብቻ!» እያልሽ ማስፈራሪያ አታድርጊው፤ ሰውዬው ደክሞ ሲገባ ልጁ አልጋ ሥር የሚደበቅበት ቤት ይሆናል።

ልጁ እየሰማ «አመለኛ ነው፣ አቃተኝ» አትበዪ፤ ስሙ ነው ብሎ ይይዘዋል። «ወንድ አይደል፣ ተዪው» የሚሉሽን ደግሞ ሳቂና እለፊ፤ ሰው መምታት ለወንድም ክልክል ነው።

አንቺም ሰው ነሽ። ደምሽ ሲፈላ ልጁን ለሚታመን ሰው አስይዘሽ ደጅ ውጪ፤ ሰው ከሌለ አደጋ የሌለበት ቦታ አስቀምጠሽው በሩ ላይ ቁሚ። ማኅበርሽንና ዕቁብሽን በልጅ ምክንያት አትቅሪ። ከጮኽሽበት «ጮኽኩብህ፣ እንደሱ ማድረግ አልነበረብኝም» ብትዪው ክብርሽ አይቀንስም።

8. አጀማመሩና እርዳታ የሚፈለግበት ጊዜ

ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሪ። ምግቡንና እንቅልፉን መጀመሪያ አስተካክዪ፣ ከዚያ ከሦስቱ ሕጎች አንዷን ያዢ፤ መምታትን ብትይዢ ይሻላል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብሳል እንጂ አይሻልም። ልጁ ሕጉ እውነት መሆኑን እየፈተነሽ ነው፤ በዚያ መሀል አንዴ ከለቀቅሽ ፈተናው ይረዝማል። አንዷ ስትያዝ ወደ ሁለተኛዋ ሂጂ።

በሁለት ዓመቱ ቃል ካልጀመረ፣ ይናገር የነበረውን ከተወ፣ ስሙ ሲጠራ ጨርሶ ካልዞረ፣ ራሱን ከግድግዳ እያጋጨ ካቆሰለ፣ ወይም አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ በየቀኑ ለረጅም ጊዜ የሚጮህ ከሆነ ግን በዚህ መመሪያ አትቆዪ። የቀበሌሽን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አነጋግሪ፣ ጤና ጣቢያ እንድትልክሽ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ሊጽፉልሽ ይችላሉ። ጸበሉንም ሐኪሙንም አንድ ላይ መያዝ ትችያለሽ፤ ሐኪሙን ግን ለኋላ አታድርጊው። ስትሄጂ ከልጁ ጋር የሚውል ሌላ ሰው፣ አያቱን ወይም ታላቅ እህቱን፣ አስከትዪ፤ ሐኪሙ የሚጠይቀውን ግማሹን እነሱ ናቸው የሚመልሱት።